የወለተ ኢየሱስ ሠርግ

የምሥራች ልትዳር አሥራ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ቪዲዮ የሚያነሳ ሰው ይዛ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወደ አያቷ ቤት መጣች። ቤቱ ከዘመሮ ከተማ በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር። ሐሳቡ የራሷ ነበር። በሠርጉ ቀን እንግዳው ምሳ ሲበላ፣ እናቷና አያቷ ስለ ሠርጋቸው ሲያወሩ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ እንዲታይ ፈልጋለች። ጓደኛዋ አምና እንዲህ አድርጋ፣ ሰው ሁሉ ሲስቅም ሲያለቅስም አይታለች።

መጀመሪያ ያወራችው እናቷ ምትኬ ናት። ምትኬ የተዳረችው ወንድ ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና በሚታፈስበት ዘመን ነው። ሠርግ ቤት ጎረምሳ የሚሰበሰብበት ስለሆነ፣ አፋሾቹም የሚጠብቁት ሠርግ ነበር። ስለዚህ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ የሴት ነጠላ ተከናንቦ፣ እንስራ አዝሎ፣ ወንዝ ለወንዝ መጣ። ከአምስቱ እንስራ ካዘሉት ባሏ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እግር እግራቸውን ስታይ እንደነበር ስትናገር ቪዲዮ አንሺው ራሱ ሳቀና ካሜራው ተንቀጠቀጠበት።

ከዚያ ተራው የአያትየው ሆነ።

እሳቸው በአገሩ ሰው ዘንድ እማማ ወለተ ኢየሱስ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው፤ ባላቸው አባይነህ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሥራ የማይሰለቻቸው፣ ለጎረቤት የሚደርሱ ሰው ናቸው። አንድ ጠባያቸው ብቻ ይወራባቸው ነበር። ሠርግ ሲኖር ከጓሮ፣ ከድስቱና ከእሳቱ ዘንድ አይለዩም፤ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ደግሞ የት እንደሚገቡ አይታወቅም። እልል ሲሉ የሰማቸው የለም። የገዛ ልጃቸው ምትኬ ስትዳር እንኳ ያን ሰዓት ከበረት ከላሞቹ ጋር ነበሩ። አንዳንዱ ኩራት ነው ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቡዳ እንዳይበላባት ፈርታ ነው ይላል።

ቪዲዮ አንሺው መደብ ላይ አስቀመጣቸውና የነጠላቸውን ጥለት አስተካከለ። "በመጀመሪያ ስምዎን ይንገሩኝ፣ ከዚያ ሠርግዎን ያጫውቱናል" አላቸው።

እማማ የካሜራውን ዓይን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ "ተሾመች" አሉ።

ሰውየው የያዘውን ወረቀት አየና ወደ የምሥራች ዞረ። ምትኬ ደነገጠች፤ ካለፈው ክረምት ጀምሮ እናቷ ነገር መርሳት መጀመራቸውን ታውቅ ነበርና ይኸው ደረሰ ብላ አሰበች። ቀስ ብላ ጉልበታቸውን ይዛ ስማቸው ወለተ ኢየሱስ እንደሆነ ልታስታውሳቸው ሞከረች።

"አልዘነጋሁም" አሉ እማማ። "ወለተ ኢየሱስ እህቴ ናት። ይኼን ነገር አጥፉትና እነግራችኋለሁ። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ማንን እጠብቃለሁ?"

ቪዲዮ አንሺው መሣሪያውን አጥፍቶ ወደ ውጭ ወጣ። እማማም አምሳ ስምንት ዓመት በሆዳቸው የያዙትን ነገር ለልጃቸውና ለልጅ ልጃቸው ነገሯቸው።

ያን ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩና ነገሩም የአንዲት ልጅ ነገር ነው። ተሾመች የተወለደችው ከጓሳ የሣር ሜዳ ማዶ፣ ምድሩ ወደ ቆላ ቁልቁል ከሚወድቅበት አፋፍ ላይ ነው። አባቷ ገብረ አማኑኤል በተወለደችበት ዓመት ጭቃ ሹም ስለሆነ ስሟን ተሾመች አላት። በሁለት ዓመት የምትበልጣት እህት ነበረቻት፣ ወለተ ኢየሱስ። ሁለቱ አንድ መኝታ ላይ፣ አንድ ባና ለብሰው ነው ያደጉት። ቁመታቸው እኩል ነበር፤ ከኋላ ያየ ሰው አንዷን በአንዷ ስም ይጠራ ነበር።

በጓሳ ሣር አጨዳ ወቅት፣ የእኔ ድርሻ ነው የእኔ ነው በሚል ጠብ፣ የአባቷ ወንድም ሰው ገደለ። የሞተው የአባይነህ ታላቅ ወንድም ነበር። ገዳዩ ሁለት ዓመት ገደል ለገደል ሲሸሸግ ኖረ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገባ፣ ካህናት መስቀል ይዘው ገቡ፣ ዕርቅ ወረደ። ደሙ የሚደርቀው ሁለቱ ወገን ሲዛመድ ነው ተባለ። መሐላውም ስም ጠርቶ ነው የተማለው፦ የገብረ አማኑኤል ልጅ ወለተ ኢየሱስ ለአባይነህ ትሰጣለች፤ ከዚያ በኋላ ደም የሚፈልግ ቢኖር እርጉም ይሁን።

ሠርጉ ለጥር መጨረሻ ሐሙስ ተቆረጠ። ጠላው ተጠመቀ፣ በጉ ታሰረ። በዚያው ሰሞን መንደሩ ውስጥ ተስቦ ገባ። ወለተ ኢየሱስ ማክሰኞ ራሴን አለች፤ እሑድ ሊነጋ ሲል ሞተች። ተሾመች አጠገቧ ነበረች። አምስት ቀን ሙሉ የእህቷን ትንፋሽ ሰምታለች፤ ደረቅ፣ የሚቸኩል፣ ዳገት የሚወጣ ሰው ዓይነት ትንፋሽ ነበር።

አባቷ በሩን ዘጋው። በቤት ውስጥ የነበሩት እናቷ፣ ያ ደም ያለበት አጎቷና የንስሐ አባታቸው ቄሱ ብቻ ናቸው። አጎቷ ጥግ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነበር። ሞታለች ብለን ብንልክ ማን ያምነናል፣ ልጃቸውን ነፍገው ሞተች አሉ ይሉናል፣ መሐላው ስም ይዟል፣ ተባለ። እናቷ የሟቿን ፀጉር ትዳስስ ነበር። ኋላ አባቷ ቀና አለና ተሾመችን ዓይን ዓይኗን እያየ፦

"የሞተችው ተሾመች ናት" አለ።

ቄሱ እግዚአብሔርን አላታልልም ብለው ሊወጡ ተነሱ። አጎቷ እግራቸው ላይ ወድቆ ያዛቸው። ብዙ ቆዩ። ከዚያ መጽሐፋቸውን ይዘው ተቀመጡ።

ተሾመችን ጓዳ ውስጥ፣ ከገብሱ ጎታ ኋላ አስቀመጧት። እንዳትናገር፣ እንዳትስል ነገሯት። ሬሳው በሰሌን ተጠቅልሎ ስለነበር፣ በሽታውም የሚያስፈራ ስለነበር፣ ፊቷን ልይ ያለ ሰው የለም። ጎረቤት ተሰበሰበ። ልጅቷም ከጎታው ኋላ ሆና የራሷን ለቅሶ ሰማች። ተሾመች ተሾመች እያሉ ደረታቸውን ይመቱ ነበር። አብራት ውኃ የምትቀዳ ጓደኛዋ ስሟን እየጠራች ትጮህ ነበር። አንዲት አልቃሽ ተሾመች ሠርጓን ሳታይ መቅረቷን ሙሾ አወጣችበት። ከሁሉ የባሰው የእናቷ ድምፅ ነው። እናቷ ስሙን እየደጋገመች አለቀሰች፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተችም። ተሾመች ባናውን ነክሳ፣ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ልቧ መምታት አለመምታቱን ትፈትሽ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የእህቷን ቀሚስ አለበሷት፤ ልክ ሆናት። ፊቷን በዓይነ ርግብ ሸፈኑት። ሐዘን ያለበት ቤት ቢሆንም ነገሩ የደም ነውና ሠርጉ ይቅር ያለ አልነበረም፤ በእነሱ በኩል ከበሮ አልተመታም፣ የወንዱ ወገን ብቻ ዘፈነ። ከደጃፉ ስትወጣ ግን እናት እልል ማለት አለባት። እናቷ እልል አለች። አንድ ጊዜ ብቻ። ተሾመች እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰው ጉሮሮ ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በየሠርጉ የምትሰማው እሱን ነው። ሙሽራ በወጣች ቁጥር ደግሞ ከመሸፈኛው ሥር ያ የሚቸኩል ትንፋሽ ይሰማታል፤ ገልጣ ብታይ የምታገኘው የማንን ፊት እንደሆነ ታውቃለች።

በበቅሎ ጓሳን አቋረጡ። ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። አንደኛው ሚዜ በረደሽ ወይ ለማለት "ወለተ ኢየሱስ" ብሎ ሦስት ጊዜ ጠራት፤ ሌላ ሰው የሚጠራ መስሏት ዝም አለች።

አባይነህ በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመቱ ነበር። ወለተ ኢየሱስን አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አይቷታል። ወለተ ኢየሱስ በሕፃንነቷ ምድጃ ላይ ወድቃ ከግራ ቅንድቧ በላይ የቃጠሎ ጠባሳ ነበራት። ቤቱ ከገቡ በኋላ ዓይነ ርግቡን ገለጠና በአውራ ጣቱ የልጅቷን ግራ ቅንድብ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። ምንም አልነበረም። ተሾመች ዓይኗን ጨፍና ጩኸቱን ጠበቀች።

"ይበርዳል፣ ወደ እሳቱ ጠጋ በይ" አላት።

በማግሥቱ ለእናቱ ልጅቷ ገና ናት፣ ካንቺ ጋር ትደር አላቸው፤ ሦስት ዓመትም እንዲያው አብራቸው አደገች። አባይነህ ከዚያች ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በስም ጠርቷት አያውቅም። አንቺ ይላት ነበር፤ ልጆች ሲወለዱ ደግሞ የልጆቹ እናት ማለት ጀመረ። እሷም ለምን ብላ አልጠየቀችም። የመጀመሪያ ሴት ልጃቸው ስትወለድ ስሟን ያወጣው እሱ ነው፤ ምትኬ አላት። ሰው ተገረመ፤ ከዚያ በፊት የሞተባቸው ልጅ ስላልነበረ የማን ምትክ ናት እያለ ጠየቀ። አባይነህ ስሙ ደስ ስላለኝ ነው ብሎ ዝም አሰኘው።

እዚህ ላይ ሲደርሱ እማማ ምትኬን ሳያዩ ነበር የሚናገሩት። ምትኬ አርባ ዓመት አልፏት ስለ ስሟ አንድም ቀን አስባ የማታውቅ ሴት ነበረች። ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ለረጅም ጊዜ ውጭውን አየች።

የምሥራች እናታቸውስ አልመጡም ወይ ብላ ጠየቀች። መጥተው ነበር፤ አንድ ጊዜ፣ ምትኬ ክርስትና ስትነሣ። ተሾመች እናቷን ለብቻዋ ከበረቱ ጀርባ ወስዳ አቀፈቻት። ማንም አልነበረም። አንድ ጊዜ በስሜ ጥሪኝ አለቻት። እናቷ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ "ወለተ ኢየሱስ፣ ልጄ" አለቻት። ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። ወደ አፋፉ መሄድ ለእሷ ክልክል ነበር፤ ፊቷን የሚያውቅ ጎረቤት ሊኖር ይችላልና።

የምሥራች እያለቀሰች ነበር። እማማ ግን አላለቀሱም። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ነገሯት። እህታቸው በስሟ አልተለቀሰላትም። ሌላ ሙሽራ ከዚህ ቤት ሳትወጣ ሄደው ሊያለቅሱላት ይፈልጋሉ።

ምትኬን ሌላ ነገር አስጨነቃት። የአባቷ ታናሽ ወንድም ተገኘ በሕይወት አሉ፤ የዚያ ወገን ታላቅ እሳቸው ናቸው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኛ ይስሙ ብላ በማግሥቱ ቤታቸው ሄዳ ነገረቻቸው። ተገኘ እስከ መጨረሻው ሰሟትና "መሐላው ባዶ ነበር ማለት ነው" አሉ። ቀጥለውም ለሠርጉ እንዳይጠብቋቸው ነገሯት።

ረቡዕ ዕለት ሦስቱ ሴቶች ተነሡ። በሚኒባስ የሚያስኬደውን ያህል ሄደው፣ ከዚያ ለእማማ ፈረስ ተከራይተው፣ ሁለቱ በእግራቸው ጓሳን አቋረጡ። ሣሩ እንደ ድሮው ጉልበት ድረስ ነበር፤ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች በጭጋጉ ውስጥ እንደ ሰው ቆመዋል። አፋፉ ላይ ሲደርሱ የአባታቸው ቤት አልነበረም፤ የግድግዳው ድንጋይ ተለቅሞ ለሌላ ሰው የበግ ጉረኖ ሆኗል።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ያገኟቸው ቄስ መርስዔ ኃዘን የዚያ የንስሐ አባት ልጅ ናቸው። በዚያ ቀብር ዕለት ጥና የያዙት ዲያቆን እሳቸው ነበሩ። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ በመቋሚያ ነው የሚሄዱት። እማማ ስማቸውን ሳይነግሯቸው ገና የማን ልጅ እንደሆኑ ሲናገሩ፣ ቄሱ መቋሚያቸውን ወደ ግድግዳው አስደገፉና በእጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

"መጣሽ" አሉ።

የቄሱ አባት ሲሞቱ ነግረዋቸው ነበር። ሳልፈታት የቀረች አንዲት ነፍስ አለች፣ እህቲቱ ካልመጣች ግን መሐላ ነውና አትንካው፣ ብለዋቸዋል። አባትየው ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ሞቱ ድረስ ረቡዕና ዓርብን እህል ሳይቀምሱ ነው የኖሩት። ቄስ መርስዔ ይህን ሁሉ ሲነግሯቸው እማማ ዓይናቸውን ከቄሱ አፍ ላይ አላነሡም።

"አባ፣ ፍትሐቱ በእኔ ስም ነው የተደረገው?"

"በአንቺ ስም ነው።"

"ታዲያ እሷስ?"

"እሷ እስካሁን አልተፈታችም፣ ልጄ።"

መቃብሩን አሳዩአቸው። ከአንዲት የጥድ ዛፍ ሥር፣ ድንጋዩ ወደ መሬት የሰመጠ፣ ሣር የዋጠው ቦታ ነው። ቄሱ ካባቸውን ለብሰው መጽሐፉን ከፈቱ። ዓይናቸው ፊደሉን አያየውም፤ በቃላቸው ነበር የሚያነቡት። ምትኬና የምሥራች ከኋላ ቆሙ። እማማ ለማልቀስ ነበር የመጡት፤ አምሳ ስምንት ዓመት ያጠራቀሙትን እንባ ሊያፈስሱ። ቄሱ ግን "ነፍሰ ወለተ ኢየሱስ" ሲሉ እማማ እንደተጠራ ሰው ቀና አሉ። አምሳ ስምንት ዓመት አቤት ሲሉበት የኖሩት ስም ነው፤ የወለዱበት፣ ያሳደጉበት፣ ባል የቀበሩበት። አፋቸውን ከፍተው አቤት ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ያኔ ከጎታው ኋላ እንዳደረጉት መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሁለቱም ስሞች አሁን ከአፈር በታች ናቸው ብለው አሰቡ። የቆምኩት ማን ነኝ?

ያለቀሰችው ምትኬ ናት። አይታት የማታውቃትን አክስቷን በስሟ እየጠራች፣ መሬቱ ላይ ተቀምጣ፣ የአገሩ ሴት እንደምታለቅሰው አለቀሰችላት። የምሥራችም አብራ አለቀሰች። እማማ ቆመው አዩአቸው።

ሠርጉ በቀጠሮው እሑድ መሐል ሜዳ ላይ ሆነ። ሙሽራውን በኃይሉን የሚያውቅ ሁሉ መጥቶ አዳራሹ ሞላ። የምሥራች ነጭ ቬሎ ለብሳ፣ ፊቷን ገልጣ ወጣች፤ ይህን ራሷ ናት የወሰነችው፣ ለአያቷም አስቀድማ ነግራቸዋለች። እማማ በዚህ ጊዜ ጓሮ አልገቡም። ከሴቶቹ ፊት፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሙሽራዋ እስክታልፍ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ድምፅ ግን አላወጡም። ግድግዳው ላይ ምትኬ ስለ ነጠላ ለባሾቹ ሚዜዎች ስታወራ ታየች፣ ሰው ሳቀ። የአያትየው አልነበረም። የጠየቀ እንግዳ ሲኖር ካሜራው ተበላሽቶ ነው እያለች ምትኬ መለሰች።

ከሠርጉ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት፣ ተገኘ በፈረስ መጡ። ወደ ቤት አልገቡም። ፈረሱን አስረው ከደጃፉ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። እማማ ወጥተው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። ስለ ገብሱ ተነጋገሩ፤ ስለ ውርጩ ተነጋገሩ። ከዚያ ተገኘ ድንገት፦

"ወንድሜ ያውቅ ነበር?" አሉ።

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር።"

ተገኘ ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አዙረው፣ ለእማማ ሳይሆን ለዳገቱ የሚነግሩ ይመስል፣ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመታቸው እንደነበር አወሩ። ዕርቁ ከመውረዱ በፊት አባታቸው ምንሽር መተኮስ ያስተማሯቸው ነበር። አባይነህ ልቡ ለደም አይሆንም፣ አንተ ነህ የምትመልሰው ብለዋቸዋል። ገዳዩ የሚያልፍበትን መንገድ ወስደው አሳይተዋቸዋል፤ የት እንደሚያደፍጡ ድንጋዩን ሳይቀር አሳይተዋቸዋል። መሐላው ቢፈርስ ኖሮ ከዚያ ድንጋይ ኋላ የሚተኛው እሳቸው ነበሩ።

"ድንጋዩ ዛሬም አለ" አሉ። "ስመጣ አለፍኩበት።"

እማማ ወደ ቤት ገብተው ጠላ ቀድተው ይዘው ወጡ። ተገኘ ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አየት አደረጉትና እስከ አተላው ጠጡት። ሲነሡ ጉልበታቸውን አመማቸው፤ እማማ ፈረሱን ያዙላቸው። ፈረሱ ዳገቱን ወጥቶ ከጉብታው ኋላ እስኪሰወር ድረስ እማማ ባዶ ዋንጫውን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቆመው አዩት።